በግራህ ሁለት አሉ

«አትግባ! ዕንባቆም፣ ተመለስ! ተመለስ እያልኩህ ነው!»

ሰብለ ወንጌል ከወንበሯ ብድግ ብላ ነበር። ድምጿ ጌም ቤቱን ሞላው። ግን ዘግይታለች። የዕንባቆም ተዋጊ፣ ያ ትልቅ ጋሻ የተሸከመው ግዙፍ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሁለት ጠላቶች ላይ ተወርውሯል። ሁለቱን እየገጠመ ሳለ ከግራው ጫካ ሌሎች ሦስት ወጡበት። አፍታም አልቆየ። እሱ ሲወድቅ ከኋላው የነበሩት አራቱ ከለላ አጡና ተራ በተራ ረገፉ። ወዲያው ምሽጋቸው ፈረሰ።

ወንዴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «አንተ ልጅ፣ ማፕ አታይም እንዴ? ሦስቱም ቀይ ሆነው ጥግ ላይ እየታዩ ነው እኮ! ምነው፣ ምን ነካህ?»

«አላየኋቸውም ጀለስ» አለ ዕንባቆም። ሊስቅ ሞከረ። «ይቅርታ በቃ። በሚቀጥለው እክሳለሁ።»

«ሁልጊዜ በሚቀጥለው! አንተ ስትሞት ሁላችንም ነን የምንሞተው።»

ሌሎቹ ሁለት የቡድኑ ልጆች፣ የሺዋስና ፍሬሰላም፣ ወደ ስልካቸው አቀረቀሩ። ከወንዴ ጋር መስማማታቸው ነበር።

ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው። እያንዳንዱ ቡድን የየራሱ ምሽግ አለው፤ የሌላውን ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። አንድ ሰው ብቻውን የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን ዋጋ የለውም። ነገሩ የሚወሰነው አምስቱ ከአምስቱ ጋር በአንድ ቦታ ሲገጥሙ ነው። ልጆቹ «ፋይት» ይሉታል። ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን ከሩቅ ይመታል፣ ማን ማንን ይጠብቃል፣ መቼ ይሸሻል፤ ይህን ሁሉ በዚያ ግርግር መሀል አንድ ሰው መጥራት አለበት። በእነሱ ቡድን የምትጠራው ሰብለ ነበረች። ጣቷ እንደ ወንዴ ጣት አይፈጥንም። ግን ውጊያው ከመጀመሩ በፊት በጭንቅላቷ ውስጥ ይታያታል፤ ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚደናገጥ። በእሷ ጥሪ ቀድሞ የሚገባው ደግሞ ዕንባቆም ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረው አሁን አሥረኛ ደርሰዋል፤ ስትጠራው አያመነታም።

ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ። ሦስቱ ቀያይ ነጥቦች ስክሪኑ ጥግ ላይ ከሚታዩ ቆይተዋል። ዕንባቆም ደግሞ ዝርክርክ ተጫዋች አይደለም። ሌላም ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሰሞን የክፍሉን በር ሲያልፍ ትከሻውን ከመቃኑ ጋር አላተመ። አጠገቡ ተቀምጣ እስክሪብቶ ስታቀብለው ስሙን እስክትጠራ ድረስ አላየውም። ጥርጣሬ ገባት። ግን ውድድሩ ተቃርቧል። የጌም ቤቱ ባለቤት አድማሴ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከደባርቅም ከአዲ አርቃይም ቡድኖችን ጠርቷል፤ አሸናፊው ባሕር ዳር ሄዶ ይጫወታል። እናም ሰብለ ጥርጣሬዋን ገፋ አድርጋ አለፈችው። እንዲህ ባለ ጊዜ ማንም ሰው የሚያደርገው ይመስላታል።

ገፍታ ማለፍ ያቃታት በቆርኪዎቹ ቀን ነው።

ከትምህርት ቤት መልስ ሁለቱ ብቻ ጌም ቤት ተገናኙ። ጌም ቤቱ ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ በላይ ፎቅ ላይ ነው። ዳታ በጠፋባቸው ወራት የአድማሴ ዋይፋይ ብቻ ስለሚሠራ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ መዋል ለምዷል። በዚያ ሰዓት ግን ገና ባዶ ነበር። አድማሴ ሻይ አመጣላቸውና ወደ ጓዳው ተመለሰ። ሰብለ ከቦርሳዋ የለስላሳ ቆርኪዎች አወጣች። ፋይት የምታቅደው በቆርኪ ነው፤ ቀዩ ጠላት፣ ቢጫው እነሱ።

«ይኸው ወንዙ» አለች ጣቷን በጠረጴዛው መሀል እያስኬደች። «አንተ እዚህ ነህ። እኔ ከኋላህ። ወንዴ በቀኝ፣ የሺዋስ በግራ፣ ፍሬ ከሩቅ ትመታለች። ጠላት እንዲህ ቆሞ አገኘኸው እንበል። ምን ታደርጋለህ?»

ዕንባቆም ፊት ለፊቱ ያሉትን ቀያይ ቆርኪዎች ትኩር ብሎ አየ። «ሁለት ብቻ ናቸው? እገባለኋ።»

ሌሎች ሦስት ቀያይ ቆርኪዎች በግራው በኩል፣ ሻዩ አጠገብ ነበሩ። ክርኑ ሊነካቸው ምንም አልቀረውም።

«ደግመህ እይ» አለችው።

«አየሁ እኮ። ሁለት ናቸው።» ሻዩን ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ብርጭቆውን ገጨው። ሻዩ በጠረጴዛው ላይ ፈስሶ በቆርኪዎቹ ዙሪያ ተንጣለለ። ዕንባቆም ደንግጦ ጭንቅላቱን ወደ ግራ አዞረ። ያን ጊዜ ሦስቱን አያቸው። ቀና ሲል ደግሞ ሰብለ ፊቱን እያየች ነበር።

«እነዚህን መቼ አስቀመጥሻቸው?»

«ከመጀመሪያውም ነበሩ።»

አድማሴ ጨርቅ ይዞ መጣ። እነሱ ቆርኪዎቹን ሰብስበው ወጡ።

ቁልቁለቱን ይዘው ወረዱ። ከአንድ የድንጋይ አጥር ሥር ሲደርሱ ዕንባቆም ቆመ።

«በቱቦ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው» አለ። «ፊት ለፊቴ ያለው ጥርት ብሎ ይታየኛል። ሰሌዳ አነባለሁ፣ መጽሐፍ አነባለሁ። ጎኑ ነው የሌለው። ጨለማም አይደለም። ዝም ብሎ የለም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ያወቅኩት ጥምቀት ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከጎኔ ድንገት ብቅ የሚል መሰለኝ።»

«ለየኔታ ነግረሃቸዋል?»

የኔታ የምትለው አባቱን ነው። መሪጌታ ገብረ ኪዳን በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና ሽብሸባ፣ ያስተምራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ዕንባቆም አልነገርኩም በሚል ጭንቅላቱን ወዘወዘ።

«አያ ተክለ ጊዮርጊስን ታውቂያቸው የለ?»

ታውቃቸዋለች። የየኔታ ታላቅ ወንድም ናቸው። በወጣትነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ እዚያው ግቢ ውስጥ ይኖራሉ፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ካለው መደብ አይነሱም። ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይወጡታል።

«ሰው ሁሉ ጉልበታቸውን ይስማል» አለ ዕንባቆም። «እስከ ደጁ ብቻቸውን ይሂዱ የሚላቸው ግን የለም። እሳቸውም የጀመራቸው በጎን ነው። ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አባዬ ካወቀ በዚያው ቀን ከጎናቸው ያስቀምጠኛል።»

«ሐኪምስ? ሐኪም ሊያድንህ ይችላል እኮ።»

«አልሄድም አልኩሽ እንዴ? ውድድሩ ይለቅ። ከዚያ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሰብልዬ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።»

እምቢ ልትለው ይገባት ነበር። አፏ ላይም ደርሶ ነበር። ነገር ግን ባሕር ዳር ታወሳት፤ ያለ ዕንባቆም ደግሞ የትም እንደማይደርሱ ታውቃለች።

«እሺ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠራሯን ቀየረች። ፊት «ግቡ»፣ «ውጡ»፣ «ጠብቁ» ብቻ ነበር የምትለው። አሁን የማይታየውን ጎኑን ሆነችለት። «በግራህ ሁለት አሉ። ቀኝህ ባዶ ነው። አንዱ ከኋላህ ሊዞር ነው፣ ትንሽ ሽሽ። አሁን ዙር። ግባ!» ስትል አፏ አያርፍም። ሌሎቹ አዲስ ዘዴ የፈጠረች መሰላቸው። «ይሄ ነገር ተመችቶኛል» አለ ወንዴ፣ ሰው ማመስገን የማይሆንለት ልጅ። ፊት ለፊቱ ያለውን ደግሞ እንደ ዕንባቆም የሚያይ አልነበረም። ጠላት ጣቱን ከማንሳቱ በፊት ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያውቃል። በእሷ ድምፅና በእሱ ዓይን መካከል አንድ ሙሉ ተጫዋች ወጣ። ደባርቆችን በቀላሉ አሸነፏቸው። ሰብለ በሕይወቷ እንደዚያ ሰሞን ተደስታ አታውቅም። ማታ ማታ ግን ስትጸልይ የዕንባቆምን ስም ፈጠን ብላ ታልፈው ጀመር።

በግማሽ ፍጻሜው የገጠሟቸው የአዲ አርቃይ ልጆች ቀላል አልነበሩም። አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠፍተው፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ከምሽጉ ፊት ያሉትን ማማዎች አፈረሱባቸው።

«በቃ እንግጠማቸውና ይለቅ!» አለ ወንዴ።

«ማንም እንዳይገጥም» አለች ሰብለ። «ሁላችሁም ጫካ ግቡና ተደበቁ። ፍሬ፣ አንቺ ብቻሽን ወንዙ ዳር ውጪ። መንገድ እንደጠፋው ሰው ተንከራተቺ።»

«ወጥመድ ላይ የሚቀመጥ ሥጋ ልታደርጊኝ ነው?»

«አዎ። ሂጂ።»

ፍሬሰላም ሄደች። መጀመሪያ አንድ የአዲ አርቃይ ተዋጊ ብቅ አለ። ጥቂት አይቷት ተከተላት። ሁለት ሆኑ። ቀጥሎ አምስቱም ወንዙን ተሻገሩ። 

«ጠብቁ… ጠብቁ…» ሰብለ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። «ዕንባቆም፣ ፊትህ ያለው መሪያቸው ነው። በግራህ ሁለት አሉ፤ ተዋቸው፣ የየሺዋስ ናቸው። በቀኝህ ማንም የለም። ጠብቅ… ትንሽ ይቅረብ… ግባ!»

ዕንባቆም ገባ። ጋሻውን አስቀድሞ መሪያቸው ላይ ወደቀ፤ መሪው ከመሬት ሳይነሳ ወንዴ ከቀኝ ደረሰ። የሺዋስ ሁለቱን በግራ ያዛቸው። ስትሸሽ የነበረችው ፍሬሰላም ዞራ መተኮስ ጀመረች። ሰብለ ከኋላ ሆና የዕንባቆምን ተዋጊ ቁስል እያከመች ትጠራለች፤ እሱ ያለችውን ሁሉ ያደርጋል። አንድም ሰው ሳይወድቅባቸው አምስቱን ጣሉ። ከዚያ ማንም የሚያስቆማቸው አልነበረም። ጌም ቤቱ በጩኸት ሲናጋ የአዲ አርቃዮቹ መሪ ተነሥቶ የዕንባቆምን እጅ ጨበጠው። «ከየትም ብንመጣብህ ታየን ነበር እኮ» አለው። ዕንባቆም ሳቀ። ሰብለ አቀርቅራ የስልኩን ሽቦ መጠቅለል ጀመረች።

ሲወጡ ልጆቹ እየዘለሉ ቀደሙ። ዕንባቆም የሚጫወትበት ስልክ የሰብለ ወንድም አሮጌ ስልክ ነው፤ የኔታ ስልክ ስለማይወዱ ሁልጊዜ በእሷ ቦርሳ ያድራል። ሁለቱን ስልኮች ቦርሳዋ ውስጥ ለመክተት ደረጃው ሥር ቆም አለች። ቀና ስትል ዕንባቆም አስፋልቱን ሊያቋርጥ ገብቷል። ባጃጇ ከግራው ትመጣለች።

ጥሩንባ ተነፋ። ጎማ ሲጥጥ አለ። የባጃጇ ጎን ክንዱን ገጭቶት መንገዱ ላይ ወደቀ። ሹፌሩ ዘሎ ወርዶ «ልትሞትብኝ ነው እንዴ፣ አንተ ልጅ!» እያለ ጮኸበት። ሰው ተሰበሰበ። ወንዴ እየሮጠ ተመለሰ።

«ስልክ እያየህ ነው አይደል የምታቋርጠው?»

«አዎ» አለ ዕንባቆም።

ስልኩ ሰብለ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

ክንዱ ተልጧል እንጂ አልተሰበረም። ሰዉም ተበተነ፤ ልጆቹም ደኅና መሆኑን አይተው ሄዱ። ሁለቱ የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰብለ በነጠላዋ ጫፍ ደሙን ጠረገችለት።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለምን አልጠራሽልኝም?»

ሊወቅሳት አልነበረም። መቀለዱም አልነበረም። በእውነት ነበር የጠየቃት።

«እኔ… ባልኖርስ?» አለችው ሰብለ።

«አለሽ እኮ።»

ባጃጆች እየተግተለተሉ ያልፋሉ። አንዱ ሲመጣ ዕንባቆም የሚያውቀው ድምፁን ሲሰማ ብቻ መሆኑን አሁን አየች።

«ለየኔታ ልንነግራቸው ነው» አለች።

ፊቱ ተለዋወጠ። «ፍጻሜው ቅዳሜ ነው እኮ! አንድ ሳምንት! አንድ ሳምንት ምን ያመጣል?»

«ምን እንደሚያመጣ አላውቅም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

«በእመቤቴ ይዤሻለሁ ብዬሻለሁ። እሺ ብለሽኛል።»

«አዎ፣ ብዬሃለሁ።»

«እንግዲያው ከተናገርሽ» አለ እየተነሣ፣ «ከዚህ በኋላ አታውቂኝም።» ሄደ። ግድግዳውን ይዞ፣ ጠጋ ጠጋ እያለ ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ሰብለ ከወይራው ዛፍ ሥር ቆማ ጠበቀች። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሰው ሁሉ ሰብለ ሲላት እሳቸው ስሟን አሳጥረው አያውቁም።

«ሰብለ ወንጌል! ምነው ልጄ፣ በደኅና ነው?»

ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «የኔታ፣ ዕንባቆም ከጎን አይታየውም» አለች። «ትናንት ክንዱ የተላጠው ወድቆ አይደለም። ባጃጅ ገጭታው ነው። አላያትም።»

የኔታ ጠጋ አሏት። «ያ ስልክ ነው ይህን ያመጣበት?»

«አላውቅም የኔታ። ስልኩ የወንድሜ ነው፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን ስልክ ባይዝም አይታየውም።»

«በየትኛው ጎኑ?»

«በሁለቱም። ግራው ይብስበታል።»

መቋሚያውን ዛፉ ላይ አስደገፉት። ከዚያ ደግሞ መልሰው ያዙት፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት የጠፋባቸው ይመስሉ ነበር።

«ባለፈው ክብረ በዓል» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማኅሌት ቆመን ሳለ ዕንባቆም በግራው ያለውን ልጅ በመቋሚያው መታው። ቆይቶ ደግሞ መታው። ልቡ ጨዋታ ላይ ነው ብዬ ከሰልፉ ጎትቼ አወጣሁት። በሕዝብ ፊት። ወንድሜም እንዲያ ነበር። እንዲያው ነበር የሚማታው። አባታችን ሲያወጣው ከጎኑ ቆሜ አይቻለሁ። አይቻለሁ፣ ሰብለ ወንጌል።»

«የኔታ…»

«ሎቱ ስብሐት» አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሰብለ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። መሄድም መቆምም አቃታት።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ወሰዱት። ዕንባቆም ትምህርት ቤት አልመጣም። ማክሰኞም አልመጣም። ሰብለ ቤታቸው ሄዳ በሩን ስታንኳኳ እናቱ እትዬ ሸዋአየሁ ወጡ። ዓይናቸው አብጧል።

«አንቺን ማየት አልፈልግም ይላል፣ አትቀየሚው» አሉ በሩን ገርበብ አድርገው። «ግላኮማ ነው አሉን። የዓይን ግፊት። ስልክ አይደለም ያመጣው፤ በዘር የሚሄድ ነው አለች ሐኪሟ። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ነው የምናቆይለት አለች። ሐሙስ ግራውን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉለት ነው፤ ለቀኙ ጠብታ ሰጡን።» የሰብለን እጅ ያዙ። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለችን። ማን ያውቃል ብለን ልጄ? አንቺ ባትነግሪን ደግሞ ይኸም ይጠፋ ነበር። ሸጋ ልጅ ነሽ። እመብርሃን ትባርክሽ።»

ሰብለ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሸጋ ልጅ መባሉ እስከ ቤቷ ድረስ ተከተላት።

ቅዳሜ ፍጻሜው ተደረገ። በዕንባቆም ቦታ የአድማሴ ታናሽ ወንድም ገባ። ልጁ ጎበዝ ነበር። ግን ሰብለ መጥራት በጀመረች ቁጥር አፏ የለመደውን ይላል። «በግራህ ሁለት አሉ። በቀኝህ…»

«አያቸዋለሁ እኮ!» አለ ልጁ። «ምን ታደነቁሪኛለሽ?»

ከዚያ በኋላ መጥራት ያለባትን ሁሉ መጥራት አቃታት። ሲገቡ ተለያይተው ገቡ፤ ሲወጡ ተለያይተው ወጡ። ተሸነፉ። ወንዴ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«አንድ ሳምንት ብቻ» አላት። «ቅዳሜ ካለፈ በኋላ መናገር አትችይም ነበር?»

«ሄደህ እናቱን ጠይቃቸው» አለችው።

ሊመልስ አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና በእጀታው ዓይኑን ጠረገ። «ማፕ አታይም እንዴ እያልኩ ስሰድበው የከረምኩት እኮ እኔ ነኝ» አለ። ሰብለ አጠገቡ ቆመች።

ቀናት አለፉ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በቤታቸው በኩል ታልፋለች፤ አንኳኩታ ግን አታውቅም። አንድ ቀን የኔታ ደጅ ላይ ቆመው አገኟትና «ግቢ» አሏት።

አያ ተክለ ጊዮርጊስ መደባቸው ላይ ናቸው። ዕንባቆም ከውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ግራ ዓይኑ በጨርቅ ተሸፍኗል። ከስቷል። ስትገባ ጭንቅላቱን አዙሮ አያትና ፊቱን መለሰ። ሰብለ ትንሿ ዱካ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ተሸነፋችሁ አሉ» አለ ዕንባቆም።

«አዎ።»

«እንዴት?»

ኔትወርክ ነው ልትለው ትችል ነበር። ማን ይጠይቃታል? «የመጨረሻው ፋይት ላይ ወንዴ ሳልጠራው ገባ» አለች። «የሺዋስ ተከተለው። እኔ ደግሞ ውጡ ማለት ሲገባኝ ግቡ አልኩ። ተበተንን።»

«ወንዴ» አለ ዕንባቆም። ከንፈሩ ትንሽ ፈገግ ሊል ቃጥቶ ተወው። «ያ ልጅ መጠበቅ አይችልም።»

ከውጭ የአያ ተክለ ጊዮርጊስ ሳል ተሰማ። ዕንባቆም ጣቶቹን እያየ ጠየቃት።

«ከቆርኪዎቹ በፊት ታውቂ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

ሰብለ ይህን ጥያቄ ራሷን ደጋግማ ስለጠየቀች ሌላ መልስ እንደሌለው ታውቃለች። «ማሸነፍ ፈልጌ» አለች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

ይጮህብኛል፣ ውጪልኝ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ዕንባቆም ጣቶቹን ማየቱን ትቶ ቀና አለ።

«እኔም» አለ።

እንዲያው ተቀመጡ። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። እትዬ ሸዋአየሁ ጠብታውን ይዘው ገቡ። ቀና ብሎ ቀኝ ዓይኑን ሲከፍት ሰብለ መሬት መሬቱን አየች።

«ቅዳሜ ቀጠሮ አለኝ» አለ እናቱ ከወጡ በኋላ። «መሣሪያ ላይ አገጭሽን አስደግፈው በጎን በጎን ትንንሽ መብራት ያበሩልሻል። ያየሽ ጊዜ ትጫኛለሽ። ምን ያህል እንደቀረኝ የሚታወቀው ያን ቀን ነው።»

«ከማን ጋር ትሄዳለህ?»

«ከእማዬ ጋር። አባዬ በዓል አለበት፣ አይመቸውም።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሂጂ አሁን። ደክሞኛል።»

ደጅ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ወንዴ ነው። አድማሴ ሌላ ውድድር ሊያዘጋጅ መሆኑን፣ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ እንደሚጀመር፣ ያለ እሷ ጥሪ እንደማይሆን ጽፎ ነበር። ሰብለ ከአጥሩ ሥር ቆማ መልእክቱን አነበበችው። ሲመሽ የሚነፍሰው ብርዳም ነፋስ ጀምሯል። «ቅዳሜ አልመጣም። ጥሪውን ፍሬ ትሞክረው፣ ትችላለች» ብላ ጻፈችና ላከችው።

ከዚያ ወደ ግቢው ተመለሰች። እትዬ ሸዋአየሁ ልብስ ከገመድ ላይ እያወረዱ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ከቤት እንደሚወጡ ጠየቀቻቸው።